የሙሽራው ሠላሳ አንድ ኪሎ

ጋሽ ሜትር ይሉታል። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን እሱን የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሜትር የተባለው የልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገቱ ስለማይጠፋ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው መርፌ ይዞ እንዲቀመጥ ስንት ደከሙ! እሱ ግን በመስኮቱ በኩል ከብት ባለፈ ቁጥር ዓይኑ አብሮ እየሄደ፣ ጣቱን እየወጋ፣ የሰው ጨርቅ በደም እያበላሸ አስቸገራቸው። በመጨረሻ «ሂድ፣ ከብትህን ተከተል» ብለው ቢጫዋን ሜትር አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥጋ ከብት እርባታ ውስጥ በዚያችው ሜትር እየለካ ኖረ።

ምኑን ነው የሚለካው? ባንናገረው በወደድን፣ ግን ሥራ ነውና እንናገረው። ወይፈን ዓመት ሲሞላው ለዘር ይቅር ወይስ ይኮላሽ የሚባለው አንድም በቆለጡ ነው። ዙሪያው ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ካልሞላ በከንቱ ሣር አይጨርስም። ጋሽ ሜትር ከኋላ ጎንበስ ይልና፣ ሜትሩን ጠምጥሞ፣ ቁጥሩን ሰፈር እስኪሰማ ይጠራዋል። ሚስቱ ይሄን ሳታውቅ የልጃቸውን የሰርግ ቀሚስ በዚያው ሜትር ለክታ ጨርሳ ነበር። ነገሩን የሰማች ቀን ቀሚሱን ሁለት ጊዜ አጠበችው፤ እሱን ደግሞ ሦስት ቀን ዘጋችው።

እርባታው ይሄን ያህል ትልቅ አይደለም። ሰማንያ ላሞች፣ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው በረት፣ አንድ የከብት ሚዛን፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ፣ ቢሮዋ ውስጥ አንድ ወፍራም መዝገብ። የእርባታው ባለቤት እትዬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁሉንም በራሳቸው ይዘውታል፤ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚቀድማቸው የለም። በሳምንት አንድ ቀን የከብት ሐኪሙ በሞተር ሳይክል ይመጣል። ጎበዝ ሐኪም ነው፣ ቁጥር ይወዳል፤ ከላሟ ይልቅ የላሟን መዝገብ ቢያይ ይመርጣል እያሉ ያሙታል።

በየዓመቱ ከወይፈኖቹ ሁለት ብቻ ለዘር ይቀራሉ። አመራረጡን ያወጡት የእትዬ ባል ናቸው፦ ሦስት ሰው፣ ሦስት ጠመኔ። እትዬ ነጭ፣ ሐኪሙ ቀይ፣ ጋሽ ሜትር ሰማያዊ። ሁሉም በየተራው የወደደው ወይፈን ጀርባ ላይ ያሰምራል። ሦስቱም ቀለም ያረፈበት ይቀራል። የተረፈው ተኮላሽቶ ወደ ማደለቢያው ይገባል፤ ከማደለቢያው ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሥጋ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያ ዓመት ወይፈኖቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ የጋሽ ሜትር ልብ ያለው ግን አንዱ ዘንድ ነው። ሙሽራው ይለዋል። ቀይ ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው ሻይ ቢያስቀምጡበት የማይደፋ። ሲራመድ ሰው ሁሉ እሱን ሊያይ የመጣ ይመስለዋል። ሌላ ሰው ቢጠራው ጆሮውን እንኳ አያንቀሳቅስም፤ ጋሽ ሜትር ካፏጨ ግን ከሜዳው ጫፍ እየሮጠ መጥቶ አገጩን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ያ ሰውዬ ዓመቱን በሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሙሽራው፣ ዳቦ ቤት ሙሽራው፣ የሚስቱ እህት ታማ ሊጠይቃት ሄዶ እንኳ ስለ ሙሽራው ዳሌ ሲያስረዳት ዋለ። «ዐይኔ አይስትም» ይል ነበር አፉን ሞልቶ፣ «ሠላሳ ዓመት አልሳተም!»

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ሐኪሙ ቢሮ ተቀምጦ መዝገቡን ሲያገላብጥ ድንገት ጠረጴዛውን መታ።

«ጋሼ! ይሄ ሙሽራው የሚሉት እኮ ጉድ ነው!»

«ኧረ ይሄ የኔ ልጅ! ገና ዛሬ አየኸው?» አለ ጋሽ ሜትር ሻዩን እያማሰለ።

«እንደሱ አይደለም፣ ቁጥሩን ልብ ይበሉ። እናቱ ዘጠኝ ቁጥር ላም። ሲወለድ ሠላሳ አንድ ኪሎ። ጡት ሲጥል ሁለት መቶ ስልሳ! ትንሽ ሆኖ ተወልዶ እንዲህ የሚያድግ ወይፈን በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። እነዚያ አሥራ አራቱ ጊደሮች የመጀመሪያ ወላድ ናቸው አይደል? ትልቅ ጥጃ ይገድላቸዋል። ትንሽ ጥጃ የሚሰጥ ኮርማ ነው የሚፈልጉት። በቃ፣ ለእነሱ ሙሽራውን ነው የምንመድበው!»

ጋሽ ሜትር ብርጭቆውን ወደ አፉ እየወሰደ ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ ቆመበት። «ሻዩ ፈጀኝ» ብሎ ወጣ፤ ሻዩ ግን ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ ዘጠኝ ቁጥር ላም አመሻሽ ላይ ወንድ ወለደች። ጋሽ ሜትር ጥጃውን መዘነ፣ ሠላሳ አንድ ኪሎ፤ በመዝገቡም በእሷ መስመር ላይ በቀለም ጻፈ። ጠዋት ሲመጣ ያ ጥጃ ሞቶ አገኘው። ገና ከንፈሩን መጥጦ ሳይጨርስ ደግሞ በወዲያኛው ጋጣ ስልሳ ሦስት ቁጥር ምጥ ይዟታል። ስልሳ ሦስት ቁጥር ትንሽ ቀይ ጊደር ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ልማዷ ኪሱን መላስ ነበር፣ ዳቦ ኖረም አልኖረም።

ጥጃው አልወጣ አለ። ሐኪሙ እንዳይመጣ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቷል። ጋሽ ሜትር ሚስቱን ጠራት፤ በጥጃው ፊት እግሮች ላይ ገመድ አስረው፣ ባልና ሚስት ተረከዛቸውን ጭቃ ውስጥ ተክለው አራት ሰዓት ሙሉ ጎተቱ። ጥጃው በሕይወት ወጣ። ጊደሯ ግን አልተነሣችም። ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጋ፣ ኪሱን አንዴ ላስ አድርጋለት ሞተች። ጥጃውን ሚዛን ላይ ሲያወጣው አርባ ስድስት ኪሎ! ነባር ላም እንኳ ታቃስትበታለች፣ ጊደር እንዴት ትችለው!

አሁን እናት የሌለው ጥጃ አለ፣ ጥጃ የሌላት እናትም አለች። የድሮ ከብት አርቢ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈፈ፣ ለሕያዉ እንደ ካፖርት አለበሰው፣ በሲባጎ ሰፋለት። የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኑ የጠቀመው ያን ዕለት ብቻ ነው። ዘጠኝ ቁጥር ካፖርቱን አሸተተች፣ እምም አለች፣ ጡቷን ሰጠች። ወተቷ እንደ ቧንቧ የሚወርድ ላም ናት። በአራተኛው ቀን ካፖርቱ ወለቀ፣ ልጅየው ግን ልጇ ሆኖ ቀረ።

መዝገቡስ? የዘጠኝ ቁጥር መስመር «ወንድ፣ 31 ኪሎ» ይላል፤ እሷም ወንድ ጥጃ እያጠባች ነው። እሱን ለማስተካከል የተጻፈውን መሰረዝ ያስፈልጋል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ስርዝ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ እትዬ ዘንድ ቀርቦ ማስረዳት አለ። ጋሽ ሜትር ደግሞ በስብሷል፣ ደክሞታል፣ የጊደሯ ነገር አንጀቱን በልቶታል። «ወንድ ጥጃ አይደል?» አለ ለራሱ፤ «ነገ ለሥጋ ለሚሄድ እናቱን ማን ይጠይቃል?» በስልሳ ሦስት ቁጥር መስመር ላይ «ከነጥጃዋ ሞተች» ብሎ ጻፈና ሾርባውን ሊጠጣ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ረስቶት ነበር።

እንግዲህ ሐኪሙን ያስጨፈረው ቁጥር የሁለት ጥጃ ነው። ሠላሳ አንዱ ኪሎ የሟቹ፣ ሁለት መቶ ስልሳው የሙሽራው። ሙሽራው እናቱን ገድሎ የተወለደ ነው፤ እነዚያ አሥራ አራት ጊደሮች ላይ ቢለቀቅ የሚመጣውን ጋሽ ሜትር ያውቀዋል። ቢናገር ደግሞ ሙሽራው ይኮላሻል፣ «ዐይኔ አይስትም» ያለው ሰውዬም የመንደሩ መሳቂያ ይሆናል።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ትነጫነጫለች። የማስጫዋ ሽቦ ከተበጠሰ ወር ሆኖታል፤ የጎረቤት ፍየል የሁለት ሸሚዝ እጅጌ በልታለች።

«ያን በር ኋላ ያንጠለጠልከውን ገመድ ስጠኝ ብዬህ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«የምጥ ገመድ ነው አልኩሽ! ለምጥ የተቀመጠ ነው።»

«ታዲያ ልብሴን ፍየል ወልዳ ትስጠኝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። እርጥቡን አንሶላ ይዛ ቆማ ሰማችው።

«አርባ ስድስት» አለች። «እንዴት ይረሳል? እኔ እኮ ወገቤ እስካሁን ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል። ሂድና ንገራቸዋ።»

«ያኮላሹታላ!»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ትያለሽ እንዴ! ሙሽራውን እኮ ነው! ደግሞ ምናልባት እኮ ልጆቹ ትንንሽ ይሆኑ ይሆናል፣ ማን ያውቃል…»

«አንተ ሰውዬ፣ አሥራ አራት ናቸው። በጣትህ ቁጠራቸው፣ ጣትህ አይበቃም። የመጀመሪያዋ ስታምጥ ማንን ልትጠራ ነው? እኔን እንዳትጠራኝ።» አንሶላዋን አጥሩ ላይ ጣለችና ገባች።

በማግስቱ መላ ያገኘ መሰለው። እትዬ ዘንድ ሄዶ እየተቅለሰለሰ፣ ሙሽራውን ለትልልቆቹ ላሞች ብናደርገው ምን ይመስልዎታል አላቸው። ላም ከሆነች ትልቅ ጥጃም ትችላለች ብሎ ነው፤ ይሄን ግን አልነገራቸውም።

«ለትልልቆቹ ነባሩ ኮርማ አለልህ፤ ገና አራት ዓመት ያገለግላል» አሉት። «ከሁለቱ አዲሶች ሌላ ሦስተኛ ወጠምሻ የምቀልብበት ሣር የለኝም። አዲሶቹ ለጊደሮቹ ናቸው። ደግሞ ምን ሆነሃል? ዓመት ሙሉ በሙሽራው ጆሮዬን ስትበላው ከርመህ ዛሬ ፊትህ ኮሶ የጠጣ መሰለ።»

መላው እዚያው ላይ ሞተ። የቀሩትን ቀናት ጋሽ ሜትር ዳቦ ቤትም ሳይገባ፣ ከፀጉር አስተካካዩም እየተደበቀ ዋለ።

የምርጫው ቀን ጠዋት ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ወይፈኖቹ በጠባቡ የእንጨት መተላለፊያ ተሰልፈዋል፤ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ይለካሉ፣ ይታያሉ። አንደኛው ሃያ ሰባት ሳንቲ ሜትር ወጣ። «በል ደህና ሁን፣ የኔ ጌታ» ብሎ አሳለፈው ጋሽ ሜትር። ሁለተኛው የኋላ እግሮቹ ጉልበት ለጉልበት ይሳሳማሉ። ሌላው ገና ሜትሩን ሲያይ አጥሩን በርግጫ አፈረሰው፤ እትዬ «አባቱም እንዲህ ነበር፣ ይሂድልኝ!» አሉ። አንዱ ከፊቱ ሲያዩት አንበሳ ነው፣ ከኋላው ሲያዩት ዳሌው የለም። ዝምተኛው የሚሉት ወይፈን ግን ሁሉም ነገሩ ልክ ሆነ፤ በጊደርነቷም ያለ ረዳት የወለደች ላም ልጅ ነው። ሦስት ጠመኔ በአንዴ አረፈበት።

ሙሽራው ገባ። ሳይጠሩት፣ ሳይገፉት። ጋሽ ሜትር ጎንበስ ብሎ ለካ። «ሠላሳ ሰባት» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ሰፈር አልደረሰም።

«እሰይ!» አሉ እትዬ፤ ነጩን አሰመሩ። ሐኪሙ «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?» ብሎ ቀዩን አሰመረ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ጋሽ ሜትር ዞሩ።

ጋሽ ሜትር ሰማያዊዋን ጠመኔ ይዞ ቆመ። ሙሽራው እንደ ልማዱ አገጩን በእንጨቱ ላይ አሻግሮ ትከሻው ላይ አስደገፈ። ትንፋሹ ጆሮው ሥር ይሞቃል። ሰውየው እንባው መጣ፤ ከብት ጠባቂ ፊት፣ ሐኪም ፊት፣ እትዬ ፊት።

«አላሰምርም» አለ።

«አንተ ሜትር፣ ትቀልዳለህ?»

«እናቱ ዘጠኝ ቁጥር አይደለችም፣ እትዬ። እናቱ ስልሳ ሦስት ቁጥር ናት። ከነጥጃዋ ሞተች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥጃዋ ይኸው ነው። ሲወለድ አርባ ስድስት ኪሎ ነበር። ስንጎትተው ነው የሞተችው።» የካፖርቱንም፣ የሲባጎውንም፣ የሾርባውንም ነገር ሳያስቀር ተናገረ።

ሐኪሙ ቀዩን ጠመኔ ኪሱ ከተተ። «ጌታዬ!» አለ ቀስ ብሎ፤ «አሥራ አራቱም ላይ ልለቀው ነበር እኮ።»

እትዬ ግን አልተቆጡም፤ መዝገቡን ከቢሮ አስመጡ። እትዬ ሲቆጡ ይሻላል፤ ሳይቆጡ ሲቀሩ ነው ሰው የሚርደው።

«ስንት ናቸው?» አሉ መዝገቡን እየገለጡ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«እናታቸው የተቀየረባቸው። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገቡን በእምነት ሰጥቼሃለሁ። ስንት ናቸው?»

ይሄ ጥያቄ ከሙሽራው መኮላሸት በላይ አመመው። «እሱ ብቻ ነው» አለ። «ልጄን ይንሳኝ፣ እሱ ብቻ ነው።»

እትዬ ፊቱን አዩት፣ አዩት። ከዚያ እስክሪብቶ ሰጡት፤ ፊታቸው ሁለቱን መስመር ሰርዞ እውነቱን ጻፈ። መዝገቡን ብብታቸው ሥር አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ እኔ ቤት ነው የሚያድረው» አሉ። «የተወለደ ሲኖር ራስህ መጥተህ ትነግረኛለህ። እኔ እጽፋለሁ።» በሙሽራው ቦታ አመዶ የሚባል፣ ማንም ልብ ያላለው፣ ግራጫ፣ ሃያ ስምንት ኪሎ የተወለደ ወይፈን ተመረጠ። ጋሽ ሜትር ሰማያዊውን ሲያሰምርበት አመዶ ራሱ የተሳሳቱ መስሎት ዞሮ አየው።

ሙሽራው የዚያኑ ቀን ተኮላሸ። ሐኪሙ ጉጠቱን ሲያመጣ ጭንቅላቱን የሚይዝ ሰው ተፈለገ፤ ሙሽራው ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር አያስይዝም። ያዘው። ከአምስት ወር በኋላ ሰንጋ ሆኖ፣ ደልቦ፣ የጭነት መኪናው ሲመጣ መወጣጫው ላይ አልወጣም ብሎ ሦስት ሰው አደከመ። ጋሽ ሜትር መጀመሪያ ከበረቱ ኋላ ተደብቆ ነበር። በመጨረሻ ወጥቶ አፏጨለት። እየሮጠ መጣ፤ ተከትሎት ወጣ። መኪናው ከሄደ በኋላ ባዶውን መወጣጫ ሲጠርግ ዋለ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም።

ጊደሮቹ መውለድ ሲጀምሩ ሰውየው ገመዱን ከምስማሩ አውርዶ በትከሻው ይዞ ይዞር ጀመር። አንዷ ወለደች፣ ብቻዋን። ሁለተኛዋም ብቻዋን። ሦስተኛዋ ደግሞ እሱ ቁርሱን እየበላ ሳለ ጨርሳ ጠበቀችው። በወለዱ ቁጥር ጥጃውን መዝኖ እትዬ ቤት ይሮጣል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ መዝገቡን ገልጠው፣ ኮስተር ይላሉ።

«እናት?»

«አርባ ቁጥር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እትዬ፣ ስትወጣ አይቻታለሁ!»

«እኔ እንጃ፣ ካፖርት ለብሳ እንዳይሆን» ይሉና ይጽፋሉ። በአምስተኛዋ ላይ ሲስቁ ያዛቸው። መዝገቡን ግን አልመለሱለትም።

የቀረችው አሥራ አራተኛዋ ነበረች፤ የስልሳ ሦስት ቁጥር ታናሽ እህት፣ እንደሷ ቀይ፣ እንደሷ ትንሽ። አንድ ማለዳ ስታቃስት ከሩቅ ሰማና ጫማውን ሳያስር ሮጠ። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው። ጋጣው ሲደርስ ጊደሯ ቆማ ጥጃዋን ትልሳለች። ጥጃዋ እግሮቿን አራት ቦታ በትና ለመቆም ትታገላለች። ሴት ናት፤ ሃያ ሰባት ኪሎ። ጋሽ ሜትር ገመዱን እንደያዘ ቆመ። የሚያስረውም የሚጎትተውም አጣ። ጊደሯ ቀና ብላ አየችው፤ መጥታም ኪሱን ላሰች።

እትዬ ቤት ደርሶ፣ አስጽፎ፣ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዘንቢል ሙሉ የታጠበ ልብስ ይዛ ፍየሏን እያባረረች ነበር። ገመዱን እጇ ላይ አኖረላት።

«ምንድን ነው?»

«ማስጫ አላልሽም? እንኪ።»

«ምጥ ቢመጣስ?»

«ለምጥ ሌላ አዲስ እገዛለሁ። ይሄ ይብቃው።»

ዘንቢሉን አስቀመጠች። ገመዱን ከበሩ ወደ ግቢው ዛፍ ግንድ ወጠረችው፣ በሁለት እጇ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። መጀመሪያ ያሰጣችው የሱን ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፤ ቀጥሎ ከባዱን፣ ውኃው የሚንጠባጠበውን ብርድ ልብስ። ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ሜትር እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እያየ፣ ያን ሁሉ ወር አምቆ የያዘው እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሚስቱ ስታየው አፈረና ፊቱን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ።

«ጠንካራ ገመድ ነው» አላት።

«አውቀዋለሁ» አለችው፤ «ጎትቼዋለሁ እኮ።»